አባቴ በ1978 የሸጣትን ቮልስ እየፈለግኩ ነው፤ ከደሴ ወደ ባቲ የሄደች

የሐረጎ ልጅ | ኅዳር 12 ቀን 2017

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን መድረክ ለዓመታት ሳነብ ኖሬ ዛሬ ገና መጻፌ ነው።

አባቴ ደሴ መምህር ነበር። በ1963 ወደ አገሩ ሊመለስ ከተነሣ አንድ የውጭ አገር መምህር ላይ አንዲት ቮልስ በ3,200 ብር ገዛ። ታላቅ ወንድሜ፣ እኅቴና እኔ ያደግነው በእሷ የኋላ ወንበር ላይ ነው ማለት ይቻላል። ታኅሣሥ 1978 ላይ እናቴ ታማ አዲስ አበባ ሄዳ መታከም ሲኖርባት አባቴ ለአንድ የባቲ እህል ነጋዴ ሸጣት። እኔ ያኔ 12 ዓመቴ ነበር። ነጋዴው አስነሥቷት ሲሄድ አባቴ ድምጿ ከሰፈሩ እስኪጠፋ ድረስ አጥሩን ተደግፎ ሲያዳምጥ አይቼዋለሁ።

አሁን 84 ዓመቱ ነው፤ አዲስ አበባ ከእኔ ጋር ይኖራል። የመስቀል ማግስት ቡና እየጠጣን ሳለ ድንገት፣ «ያቺ ቮልስ በሕይወት ትኖር ይሆን?» አለኝ። ከተለያዩ ብዙ ዘመን ስለሆነው ሰው እንደሚጠየቅ አድርጎ ነው የጠየቀኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ከልቤ አልወጣ አለ።

በእጄ ያለው ይህ ነው። አንደኛ፣ ሐረጎ ላይ የተነሣ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ፤ አያይዤዋለሁ። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ የኋላ መከላከያው ብረት ላይ ተቀምጣለች፣ ሰሌዳውን ቀሚሷ ሸፍኖታል። ሁለተኛ፣ የአባቴ ደብተር። «ቮልስ፣ ስሪት 1958» ይላል፣ ከሥሩ የዘይት መቀየሪያ ቀኖች ተጽፈዋል። ሦስተኛ፣ ሦስት ምስክሮች የፈረሙበት በእጅ የተጻፈ የሽያጭ ውል። ሊብሬው አብሯት ሄዷል። ቀለሟን አባቴ ሰማያዊ ነበረች ይላል፣ እናቴ ነፍሷን ይማረውና ግራጫ ናት ስትል ነበር የማስታውሰው።

በአንድ ከተማ የመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሄጄ የዚያ ዘመን ፋይል ውኃ ገብቶበት ተወግዷል አሉኝ። ከዚያ ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ «1958 ሞዴል ቮልስ» እያልኩ ጋራዥ ለጋራዥ ዞርኩ። ያለው ሰው አላገኘሁም።

ከሁሉ ይልቅ በአእምሮዬ የቀረው አባቴ በር ልንዘጋ ስንል «መስታወት!» ማለቱ ነው። ቮልስ አየር አታሳልፍም፤ መስታወቱን ሁለት ጣት ያህል ካላወረዱላት በሩ ነጥሮ ይመለሳል። ዛሬም የማንንም መኪና በር ስዘጋ ያ ቃል ጆሮዬ ላይ አለ።

ከየት ልጀምር?

አሮጌ ቁልፍ | ኅዳር 12 ቀን 2017

እኅቴ፣ እንኳን ጻፍሽ። 46 ዓመት ቮልስ ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ፎቶግራፉን አጉልቼ ደጋግሜ አየሁት።

ሁለት ወር የለፋሽው በተሳሳተ ዓመት ነው። ከኋላ ባለው የሞተሩ ክዳን ላይ 1300 የሚል ብረት ይታያል። 1300 ሞተር የወጣው በፈረንጆች ነሐሴ 1965 ነው፤ ከዚያ በፊት ቮልስ ሁሉ 1200 ወይም ከእሱ ያነሰ ነበር። የኋላ መስታወቷም ሰፊ ነው፤ መስታወቱን ያሰፉት በ1964 ነው። ቸርኬውን ደግሞ ተመልከቺ፣ ዙሪያውን ቀዳዳ አለው። ይህም ከ1300 ጋር አብሮ የመጣ ነው። በፈረንጅ 1958 የተሠራች ቮልስ ከእነዚህ አንዱም አይኖራትም።

አባትሽ የጻፉት በእኛ አቆጣጠር ነው። 1958 ዓ.ም. በፈረንጅ ከመስከረም 1965 እስከ ጳጉሜን 1966 ነው። ልክ ይገጥማል። እሳቸው አልተሳሳቱም፤ የተሳሳትነው እኛ ሊብሬ ላይ የፈረንጅ ዓመት ማንበብ የለመድነው ነን። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ «1966 ሞዴል፣ 1300» ብለሽ ጠይቂ።

ቀጥሎ ቀለሙን እርሺው። በዚህ ሁሉ ዘመን ሦስትና አራት ጊዜ ያልተቀባ ቮልስ አላውቅም። ሰሌዳውንም እርሺው፣ ስንት ጊዜ ተቀይሯል። ሞተር ቁጥርም አያዛልቅሽም፤ የቮልስ ሞተር በአራት ብሎን የተያዘ ነው፣ ሁለት ሰው በአንድ ጠዋት አውርዶ ሌላ ይጭናል። የማይሄደው የሻንሲ ቁጥር ነው፣ ማለት የወለሉ። የኋላ ወንበሩን መቀመጫ ስታነሺ መሀል ለመሀል እንደ ቧንቧ የተዘረጋ ብረት አለ፤ ቁጥሩ እዚያ ላይ ተመትቷል። ሌላው ከፊት ስኮርታው ከሚቀመጥበት ኋላ ባለች ትንሽ ሳህን ላይ ነው፤ እሷ ግን በብሎን የተያዘች ስለሆነች ትነቀላለች።

ያንን ቁጥር የያዘ ወረቀት ቤት ውስጥ ፈልጊ። የመድን ውል፣ የቦሎ ደረሰኝ፣ ምንም ይሁን። የእናት ሣጥን አይናቅ።

የጎተራው | ኅዳር 13 ቀን 2017

ሐሳቤን በቅንነት ልናገር። አባትዎ 84 ዓመታቸው ነው። ይህን ጊዜና ገንዘብ ከእሳቸው ጋር ለመሆን ቢያውሉት አይሻልም ወይ? የአሮጌ መኪና ዋጋ ደግሞ ሰማይ ነክቷል። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። እጁ ላይ መኪና ያለው ሁሉ ወርቅ እንደያዘ ነው የሚያስበው። ቢያገኟት እንኳ ባለቤቱ የሚጠራው ዋጋ ልብዎን ይሰብረዋል ብዬ ፈራሁ። የእኔ አባት ሲያልፍ እኔ የቦታ ጉዳይ ይዤ ፍርድ ቤት ነበርኩ፤ ለዚህ ነው የምናገረው።

የሐረጎ ልጅ | ኅዳር 13 ቀን 2017

ወንድሜ፣ ነፍሳቸውን ይማር። የተናገሩት ከልብ እንደሆነ ገብቶኛል።

እኔ ግን መኪናዋን መልሼ መግዛት አላሰብኩም፤ አቅሙም የለኝም። አንድ ጊዜ እንዲያያት ብቻ ነው። ፍለጋው ደግሞ ከአባቴ አላራቀኝም። ማታ ማታ ደብተሩን ይዘን እንቀመጣለን። «ይህ የጣርማበር ጉዞ ነው፣ ሌላው መኪና ሁሉ ውኃ ሲፈላበት እኛ ሳንቆም የወጣነው» ይለኛል። ከእናቴ ሞት ወዲህ እንዲህ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

ጋሼ አሮጌ ቁልፍ፣ የዓመቱን ነገር ስነግረው ሳቀና «እኔ የኢትዮጵያ መምህር ነኝ፣ በማን ዓመት ልጽፍ ነበር?» አለኝ።

ባለ 404 | ኅዳር 15 ቀን 2017

ከቨርጂኒያ ነው የምጽፈው። የእኔ አባት ድሬዳዋ ፔዦ 404 ነበረው፤ በሥራ ቀን ታክሲ ነው፣ እሑድ ደግሞ የቤተሰብ መኪና። እኔም እንዳንቺ ጀምሬ ነበር፣ ያውም ከዚህ ሆኜ በስልክ። አራት ዓመት ፈጀብኝ።

የመጨረሻው ዜና የመጣው ከአንድ ብረት ከሚገዙ ሰው ነው። መኪናው ግቢያቸው ውስጥ ለዓመታት ቆሞ፣ ሞተሩ ለሌላ ተሽጦ፣ አካሉ ተቆርጦ አልቋል። የቀረው የኋላ ግራ በር ብቻ ነበር፤ የዶሮ ቤት መዝጊያ አድርገውት ነበር። አጎቴ ሄዶ አየው። የመስታወት ማውረጃው መያዣ አባቴ ከእንጨት ጠርቦ የሠራው ነው፣ በዚያ ለየው። ሰውየው «ውሰደው፣ ለዶሮዎቹ ቆርቆሮ አለኝ» ብሎ በነጻ ሰጠው። መያዣዋ አሁን እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ናት። በእጅ ብዛት ለስልሳ እንደ ቀንድ ዋንጫ ታበራለች።

አንድ ነገር ልምከርሽ። እኔ የጠፋሁት ቁጥር ሳልይዝ ስለጀመርኩ ነው። «ነጭ 404» እያልኩ ስጠይቅ ሁሉም ሰው አንድ ነጭ 404 ያውቃል። ሁለት ጊዜ የሰው መኪና ፎቶግራፍ ለአባቴ አሳይቼ ሁለት ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። ያ የራሱ ንቅናቄ እስካሁን ይቆጨኛል። ሳታረጋግጪ ለአባትሽ ምንም አታሳዪ።

የሐረጎ ልጅ | ኅዳር 24 ቀን 2017

ተገኘ!

እኅቴ የእናታችንን ሣጥን ደሴ እሷ ቤት ነው ያስቀመጠችው። ትናንት ደውላ «ዳዊቱ ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት አለ» አለችኝ። የ1971 የመድን ውል ነው። ጠርዙን ብል በልቶታል፣ መሀሉ ግን ደኅና ነው። «የሻንሲ ቁጥር» ከሚለው ፊት ለፊት ዘጠኝ አኃዝ በታይፕ ተመትቷል፤ የሚጀምረው በ116 ነው።

ጋሼ፣ እዚህ ልጻፈው?

አሮጌ ቁልፍ | ኅዳር 24 ቀን 2017

እልል በይ! ግን ሙሉውን እዚህ እንዳትጽፊ። የመጨረሻዎቹን ሦስት አኃዞች ለራስሽ ያዢ። «መኪናዋ እኔ ዘንድ ናት» የሚል ሲመጣ፣ እነዚያን ሦስቱን እሱ ይንገርሽ።

116 ሲል 11 ቮልስነቷን ነው፣ 6 ደግሞ የ1966 ሞዴል መሆኗን። ደብተሩም፣ ፎቶግራፉም፣ ወረቀቱም አንድ ቃል ተናገሩ። አባትሽ ጥንቁቅ ሰው ናቸው።

ሌላም አንቺና አባትሽ ብቻ የምታውቁት ምልክት ካለ፣ ጭረት ይሁን፣ ብየዳ ይሁን፣ እሱንም እዚህ አትጻፉት።

የሐረጎ ልጅ | ኅዳር 24 ቀን 2017

አለ። አልጽፈውም።

ከፍራንክፈርት | ኅዳር 25 ቀን 2017

እዚህ ጀርመን፣ ቮልፍስቡርግ ከተማ የቮልስዋገን የመኪና ሙዚየም አለ። በሻንሲ ቁጥር ሲጠየቁ የፋብሪካውን መዝገብ አይተው የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ፤ ሰዎች የመኪናው የልደት ወረቀት ይሉታል። የተሠራችበት ቀን፣ ከፋብሪካ የወጣችበት ቀን፣ የመጀመሪያ ቀለሟና የተላከችበት አገር ይጻፍበታል። ክፍያ አለው፣ ብዙ አይደለም፣ እሱን ለእኔ ተይው።

መኪናዋ አሁን የት እንዳለች አይነግርሽም። ነገር ግን የቀለሙን ጥያቄ ይፈታል። ደግሞም አባትሽ እጅ ላይ የሚቀመጥ ነገር ይሆናል። ቁጥሩን በግል መልእክት ላኪልኝ።

ባቲ ሰኞ | ኅዳር 27 ቀን 2017

አብሽሪ እኅቴ። የባቲ ልጅ ነኝ። በዚያ ዘመን ባቲ ላይ የግል መኪና የነበረው እህል ነጋዴ በጣት የሚቆጠር ነው። ሰኞ ገበያ ሲቆም ሽማግሌዎቹ ሁሉ ስለሚመጡ ያን ቀን እጠይቃለሁ። የውሉን ምስክሮች ስም በግል ላኪልኝ፤ ሻጭና ገዥ ቢረሳ የምስክር ልጆች ያስታውሳሉ።

የሐረጎ ልጅ | ታኅሣሥ 9 ቀን 2017

ዛሬ ልቤ ተሰብሮ ነው የምጽፈው።

ከትናንት በስቲያ አንድ ሰው ደወለልኝ፣ ደላላ ነኝ አለ። ፍለጋዬን ከጋራዥ ሰምቶ ነው። «መኪናዋ አለች፣ ሰማያዊ፣ 1300» አለኝ። ባለቤቱ ለሌላ ሊሸጥ ስለሆነ ቀብድ 50,000 ብር ዛሬውኑ አስገቢ አለኝ። የሻንሲውን ቁጥር ፎቶግራፍም ላከልኝ። በ116 ይጀምራል! እጄ እየተንቀጠቀጠ ባንክ ሄጄ ተሰልፌ ነበር። ከዚያ የባለ 404 ቃል ትዝ አለኝና ከሰልፉ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ሳስተያየው የመጨረሻዎቹ ሦስት አኃዞች ሌሎች ናቸው። ይህን ስነግረው «ወረቀትሽ ነው የተሳሳተው» ብሎ ዘጋብኝ። ፎቶግራፉን አያይዤዋለሁ፤ ጋሼ እስቲ እዩልኝ። ምናልባት የእኔ ወረቀት ተሳስቶ ቢሆንስ?

አሮጌ ቁልፍ | ታኅሣሥ 9 ቀን 2017

ወረቀትሽ አልተሳሳተም። በቁጥሮቹ ዙሪያ ብረቱ ተፍቋል፤ የመፍጫው መስመር በግልጽ ይታያል። በዚያ ዕድሜ ያለ ብረት ዙሪያው ሁሉ ጠቁሮ እዚያ ብቻ የሚያብረቀርቅበት ምክንያት የለም። አራተኛውና ሰባተኛው አኃዝ ከመስመሩ ወጥተዋል፣ አንዱ ጠልቋል፣ አንዱ ፊቱን ብቻ ነው የነካው። በመዶሻ አንድ በአንድ የተመታ ነው። አንቺ ሦስቱን አኃዝ መደበቅሽ ነው ያዳነሽ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ወደፊት እንዳትደናገሪ። የቮልስ አካል ከወለሉ ጋር በብሎን ነው የተያያዘው። ብሎኖቹ ከተፈቱ አካሉ ከነበሩ፣ ከነጣሪያው ተነሥቶ ወለሉና ጎማዎቹ ለብቻ ይቀራሉ። በዚህ ምክንያት የአንዷ አካል በሌላዋ ወለል ላይ የተቀመጠባቸው አሉ፤ እኔም በእጄ ሠርቻቸዋለሁ፣ ያኔ ክፋት አልነበረበትም፣ የተጋጨውን ለማዳን ነበር። ወለሉ ደግሞ የሚበሰብሰው ከባትሪው ሥር ነው። ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ ስለሆነ አሲዱ ላሜራውን ይበላዋል። ስለዚህ ቁጥሩን አግኝተሽ አካሉ የሌላ ሊሆን ይችላል፤ አካሉን አግኝተሽ ቁጥሩ የሌላ ሊሆን ይችላል። ያን የደበቅሽውን ምልክት ለዚህ ነው ያዢው ያልኩሽ። ምልክቱ ያለው አካሉ ላይ ነው ወይስ ወለሉ ላይ?

የሐረጎ ልጅ | ታኅሣሥ 9 ቀን 2017

አካሉ ላይ ነው።

ከፍራንክፈርት | ጥር 6 ቀን 2017

ወረቀቱ መጣ። በፈረንጅ ኅዳር 1965 ነው የተሠራችው፣ ማለት በእኛ 1958 ኅዳር ላይ። የተላከችበት አገር ኢትዮጵያ። ቀለም፣ ባሃማ ሰማያዊ። አባትሽ ልክ ናቸው። በፖስታ ልኬዋለሁ።

ባቲ ሰኞ | ጥር 13 ቀን 2017

ይቅርታ፣ ዘገየሁ። የመጀመሪያው ምስክር ልጅ አሁን ጫት በረንዳው አጠገብ ሱቅ አላቸው። አባታቸው ውሉ ላይ የፈረሙት የእህል ነጋዴው ጎረቤት ስለነበሩ ነው። ነጋዴው መኪናዋን ወዷት ኖሮ ሰው ሳያስነካ ነው የነዳት። በኋላ ቤተሰቡ ወደ ኮምቦልቻ ተዛወረ። እዚያ ሄጄ ልጃቸውን አገኘኋት፤ አሁን እሷም አያት ናት። በ1985 አባቷ ታመው መንዳት ሲያቆሙ ለአንድ የናዝሬት ሾፌር ሸጧት። ሰውየው በከባድ መኪና እህል ሊጭን መጥቶ ነው ያያት። «ሦስት ቀን አባቴን ሲለምነው ነበር» አለችኝ። ስሙን አታስታውስም። ከናዝሬት መሆኑን ግን ትምላለች።

አንቺን ሰላም ብላለች። አባትሽ መኪናዋን ሲያስረክቡ ለአባቷ የነገሯቸውን አንድ ቃል አባቷ እስኪሞቱ ድረስ ለቤተሰቡ ሁሉ ሲደግሙት ኖረዋል፤ «በሩን ስትዘጋ መስታወቱን አውርድላት።»

የሐረጎ ልጅ | ጥር 13 ቀን 2017

ይህን አንብቤ አልቅሻለሁ። አላህ ይስጥህ ወንድሜ። ስንት መንገድ ነው የሄድክልኝ።

ሦስተኛ ማርሽ | ጥር 21 ቀን 2017

አዳማ ነኝ። እዚህ በየሳምንቱ እሑድ የምንገናኝ የቮልስ ባለቤቶች አለን፤ ጠዋት ቡና ጠጥተን እንለያያለን። ይህን ውይይት ለሁሉም አነበብኩላቸው።

አንዱ ጓደኛችን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ አረንጓዴ 1300 አለው። አባቱ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ በ2009 አርፈዋል። ስጨርስ ዝም አለ። ከዚያ ተነሥቶ የኋላ ወንበሩን አነሣ። የተከማቸውን አቧራ በጨርቅ ጠርገን በባትሪ መብራት አየነው። ቁጥሩ በ116 ይጀምራል፣ ብረቱም ያልተነካ ነው። የመጨረሻ ሦስት አኃዞቹን በግል መልእክት ልኬልሻለሁ።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናገር፣ እሱም እንድነግርሽ ጠይቆኛል። መኪናዋ አትሸጥም። «እሷን የምትፈልጋት የአባቷ መኪና ስለሆነች ነው፤ እኔም የምይዛት የአባቴ መኪና ስለሆነች ነው» ብሏል። መጥታችሁ ብታዩዋት ግን ደስታው ነው።

የሐረጎ ልጅ | ጥር 21 ቀን 2017

ሦስቱም አኃዞች ልክ ናቸው።

ንገርልኝ፣ ልገዛ አልመጣም። ባለቤቷን ላመሰግን ነው የምመጣው። ለአባቴ ግን ገና አልነገርኩትም። አንድ ነገር ብቻ ጠይቅልኝ፤ ከመሪው በስተቀኝ ያለውን የዕቃ ማስቀመጫ ክዳን ከፍቶ የውስጥ ገጹን ፎቶግራፍ ያንሣልኝ። ምን እንደምፈልግ አልነግርህም።

ሦስተኛ ማርሽ | ጥር 22 ቀን 2017

በግል ልኬልሻለሁ። ፎቶግራፉን ያነሣው እሱ ራሱ ነው። በሚስማር የተጻፉ ሁለት ፊደላት አሉ፤ ይህን ነው የምትፈልጊው?

የሐረጎ ልጅ | መጋቢት 8 ቀን 2017

የዘገየሁት አባቴ ጉንፋን ይዞት ስለነበረ ነው። ትናንት ሄድን። አሁን ሁሉንም መጻፍ እችላለሁ።

ታላቅ ወንድሜ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ፣ አባቴ ሐይቅ መንገድ ላይ ጎማ ሲቀይር፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ በሚስማር ስሙን መጻፍ ጀመረ። ሦስት ፊደል ያለው ስም ነው። ሁለተኛውን እንደጨረሰ አባቴ ደረሰበት። ያን ቀን የተገረፈው ግርፊያ በቤታችን ይታወቃል፤ አባቴ በልጆቹ ላይ እጁን ያነሣው ያን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ወንድሜ በ1981 ለውትድርና ተወስዶ አልተመለሰም። የጽሑፉን ፎቶግራፍ ከአዳማ ስቀበል ለአባቴ ለማሳየት አልደፈርኩም። መኪናዋን ሲጠይቀኝ የጠየቀኝ ስለ ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው።

የፍጥነት መንገዱን ስንጨርስ ነገርኩት። ምንም አልመለሰልኝም፤ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

ቤታቸው ግቢ ውስጥ ማንጎ ሥር ቆማለች። አረንጓዴ ናት፣ ከአንደኛው በር ማጠፊያ አጠገብ ቀለሙ ተልጦ ሰማያዊው ይታያል። ልጁ፣ ባለቤቷ፣ ወጥቶ የአባቴን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ፤ አባቴ ትከሻውን ይዞ አነሣው። እናቱ አነባበሮ ጋግረው ቡና አፍልተው ነበር። ማንም ግን መቀመጥ አልቻለም።

ልጁ በሩን ከፈተና ክዳኑን አሳየው። የክዳኑ የውስጥ ገጽ ሰማያዊ ነው። ከመኪናዋ ሁሉ ያልተቀባው እሱ ብቻ ነው። ምክንያቱን ልጁ ነገረን። አባቱ ከገዛት በኋላ አረንጓዴ ሲያስቀባት ባትላሜራው ጭረቱን በስቱኮ ሊደፍነው ተነሣ። አባቱ ግን እጁን ያዘውና፣ «ተወው፣ የልጅ ጽሕፈት ነው፣ የሆነ ሰው ይፈልገው ይሆናል» አለው። ልጁ አድጎ መኪናዋን ሲረከብም ይህንኑ አዘዘው። 32 ዓመት ሙሉ ጠበቁት። ማን እንደጻፈው ሳያውቁ።

አባቴ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ ብሎ አየው። ከዚያ አውራ ጣቱን በፊደላቱ ላይ አሳለፈ። የሁለተኛው ፊደል እግር ወደ ጎን ሸሽቷል፤ የተያዘበት ቅጽበት ነው። እዚያ ላይ ጣቱ ቆመ። ብዙ ቆየ። ልጁ ቁልፉን አውጥቶ ሰጠው። «አባባ፣ ቢነዷት ደስ ይለኛል» አለው። አባቴ ካቆመ 11 ዓመቱ ነው። «አልነዳም፣ ልቀመጥ ግን» አለ።

ከመሪው ኋላ ተቀመጠ። ካምቢዮውን ይዞ ወደ ታች ጫነው፣ ወደ ግራ ወሰደው፣ ወደ ኋላ ሳበው፤ የኋላ ማርሽ ገባ። ራሱን ነቀነቀ፣ ባለ 404 እንደነገረን ዓይነት ግን አይደለም። ከዚያ በሩን ሊዘጋ እጁን ዘረጋ። አንድ ቃል ሳይናገር፣ ሳያስብም ይመስለኛል፣ ግራ እጁ የመስታወቱን ማውረጃ አገኘና አዞረው። ሁለት ጣት ያህል። በሩን ሳበው፣ በአንድ ጊዜ ዘጋ።

የጎተራው | መጋቢት 8 ቀን 2017

እኅቴ፣ ኅዳር ላይ የጻፍኩትን አንብቤ አዘንኩ። እንኳን አልሰሙኝ።

አሮጌ ቁልፍ | መጋቢት 9 ቀን 2017

ለልጁ ንገሪልኝ፣ የኋላ ወንበሩን ሲያነሣ በባትሪው ሥር ያለውን ወለል በቁልፍ አንኳኩቶ ይመልከት። ድምፁ ከደነዘዘ ላሜራው አልቋል ማለት ነው። ባትሪውም አጭር ይሁን፣ ክዳኑም አይጥፋ፤ የወንበሩ ሽቦ ከጫፉ ጋር ሲነካካ እሳት ያስነሣል። ከበሰበሰ አዳማ ድረስ መጥቼ በራሴ እጅ እበይድለታለሁ፣ ገንዘብ አልፈልግም። የወለሉን ፎቶግራፍ ይላክልኝ።